ጠጥቻለሁ ያለች ዕለት

ልጄ በፀሐይ የምትሄድ መኪና እየሠራን ነው ብላ የደወለችልኝ ቀን የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ፣ «ቤንዚን የላትም?» አልኳት።

«የላትም እማ። ላይዋ ላይ ሶላር አለ፣ ውስጧ ባትሪ አለ፣ በቃ።»

«ደመና ሲሆንስ?»

«ያኔ ወርደን እንገፋታለን» ብላ ሳቀች።

የምንኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። እዚህ ፀሐይን እንሸሻታለን እንጂ አንፈልጋትም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን ከበረንዳው ወደ ጥላው እስባለሁ። ጥላው ሲዞር እኔም አብሬው እዞራለሁ። ፀሐይን ለማግኘት ብሎ ወደ እኛ የሚወርድ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባቷ ያረፈው እሷ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። ሁለታችን ቀረን። ጦርነቱ በከተማችን ባለፈበት ዓመት ሸሽተን ደብረ ሲና ዘመድ ቤት ተጠጋን። ስንመለስ የቤቱ በር ተገንጥሏል፣ የዚያን ጊዜዋ የስፌት መኪናዬም የለችም። ልጄ ግን አጠገቤ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ተመስገን ከማለት በቀር ብዙ አልናገርም። ድሮም የንግግር ሰው አልነበርኩም።

ስለ ዝምታዬ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የምጽፈው ስለ እሱ ነውና። ልጄ አንድ ቀን ለጓደኞቿ ውሃ ጠጥቻለሁ ብላ ዋሸች። ስትዋሽ ቆሜ ሰማኋት፣ ምንም አልተናገርኩም። በዚያ ምክንያት እሷ ሞት አፋፍ ደረሰች። ሌላ ሰው ደግሞ በእኔ ጥፋት ተቀጣ።

የመጡት በሁዳዴ አጋማሽ ነው። ዩኒቨርሲቲያቸው ደጋ ላይ ነው፤ ውድድሩ ግን ከትንሣኤ በኋላ በቆላ ሜዳ ስለሚካሄድ መኪናዋን በሙቀት ሊሞክሯት ፈለጉ። ልጄም «እኛ ጋ ነዋ» አለቻቸው። ሽንኩርት አራግፎ በባዶው በሚመለስ አይሱዙ ላይ ጭነዋት የጣርማበርን ቁልቁለት ወረዱ። ከልጄ ጋር አራት ተማሪዎች ነበሩ። አስተማሪያቸውም አብሯቸው መጥቶ መንገድ እንዳይዘጋበት በማግስቱ ተመለሰ። የዚያን ሰሞን መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋ ስለነበር አልፈረድኩበትም።

መኪናዋ ከአይሱዙው ስትወርድ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ጠፍጣፋ ናት፤ የተገለበጠ ትልቅ ገበታ ትመስላለች። ጎማዋ ሦስት ነው። ሹፌሯ የምትገባው ጀርባዋ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ሲሆን፣ ከገባች በኋላ ከላይ ክዳን ይደፋባታል። የባጃጅ ሹፌሮች ከበቧት።

«ይቺ ናት መኪና? ስንት ሰው ትጭናለች?»

«አንድ» አለ ከተማሪዎቹ አንዱ።

«አንድ! እኛ በሦስት ጎማ ስድስት እንጭናለን!»

«ወንድሜ፣ እናንተ የቤንዚን ሰልፍ ስትጠብቁ እኛ በአጠገባችሁ እናልፋለን።»

«ደመና ይላክባችሁ!» አለ ሹፌሩ፤ ሁሉም ሳቁ።

ለባጃጁ ሹፌር የመለሰው ልጅ የእኛው አገር ሰው ነው። ከከተማችን በላይ ካሉት የአርጎባ መንደሮች የአንዱ ልጅ ነው። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ለመልስ ፈጣን ነው። እጁ ላይ ሁልጊዜ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይጠፋም። መኪናዋ ከመነሣቷ በፊት መጣራት ያለበትን ሁሉ በተራ የጻፈው እሱ ነው። እሱ ጠይቆ፣ የሚመለከተው መልሶ፣ እሱ ምልክት ካላደረገ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። መሪያቸው ግን ሌላ ነው፤ ድምፁ ጎላ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አራተኛዋ ካሜራ ይዛ የምትዞር ዝምተኛ ልጅ ነበረች።

ወንበሯን የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ሸራና ስፖንጅ ሰጡኝ፤ ቀላል ይሁን አሉኝ። ሰፍቼ ስሰጣቸው በወጥ ቤት ሚዛን መዘኑት።

«ማዘር፣ ክሩ በዛ» አለኝ መሪያቸው።

«ክር ይመዘናል እንዴ?»

«እኛ ጋ ሹፌሯም ትመዘናለች። የእርስዎ ሽሮ ነው የሚያሰጋን።»

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ከረመዳን ጋር ገጥሞ ነበር። ወጡ ሁሉ የጾም ስለነበር አንድ ትሪ ለሁላችን በቃን። ፀሐይ ስትጠልቅ ለአርጎባው ልጅ ቴምርና ሾርባ አስቀድሜ አወጣለሁ፤ ከዚያ ሁሉም አብረው ይቀርባሉ። ቤቴ ከአባቷ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በሁለተኛው ቀን ማዕድ ላይ የአርጎባው ልጅ ቴምሩን እየጎረሰ፣ «ከእሷ በፊት ሹፌሩ እኔ ነበርኩ እኮ እትዬ» አለኝ ወደ ልጄ እያመለከተ።

«ለምን ተውከው?»

«ደጋ ላይ ስንሞክር ጾሜን ገብቼ ራሴን አዞረኝ። ከዚያ ሕግ አወጣን፣ ጾመኛ አይነዳም።»

«ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ከወንበሩ የተነሣውም ራሱ» አለች ልጄ።

«ወላሂ ከፍቶኛል። ግን ከእኔ ጋር ገደል ከምትገባ ከእሷ ጋር ብታሸንፍ ይሻላል።»

«እሷስ አትጾምም?» አልኩ።

መሪያቸው ሳቁን ለቀቀው። «እሷ እኮ የካፌ ጾም ነው የምትጾመው ማዘር! ስድስት ሰዓት ሲሆን ትሪ ይዛ ከሰልፉ ፊት ናት።»

ሁሉም ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም፤ አየችኝ። እኔ ምስር ወጥ ጨመርኩላቸው።

እኛ ቤት ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ውሃም አይቀመስም። እናቴ እንዲህ ጾማለች፣ እኔም እንዲሁ። ልጄን በቁጣ አስገድጃት አላውቅም፤ ዝም ብዬ ነው የማያት። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ዝምታዬን ማንበብ ተምራለች።

ሰሃን ስናጥብ፣ «በስድስት ሰዓት ነው የምትበዪው?» አልኳት።

«ካምፓስ ሌላ ነው እማ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካፌው ዝግ ነው።»

«እዚህ ካምፓስ አይደለም» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። እሷም ሰሃኑን አድርቃ ደረደረች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች በጠዋት ነበሩ፤ አጫጭር ናቸው። ጾማ ነድታ ምንም አልሆነችም። ይህም አታለለኝ። ሦስተኛው የሙከራ ቀን ግን የረጅሙ ሙከራ ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጀውሃ የሚወስደው አስፋልት ቀጥ ያለ ስለሆነ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት እንዲሮጡበት ከከተማው ፈቃድ አገኙ። ከስምንት በኋላ ለጸጥታ ሲባል አይቻልም ተባሉ። ለእነሱ ግን የሚፈልጉት ሰዓት ይኸው ነበር፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆምበት።

ቦታቸውን መንገድ ዳር ካለ ግራር ሥር አደረጉ። እኔም ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን አስጭኜ በባጃጅ ሄድኩ። ልጄ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ እግሯን ዘርግታ ተኝታ መሰለች፤ ከውጭ የሚታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነው። የአርጎባው ልጅ ወረቀቱን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«ጎማ?»

«ተነፍቷል» አለ መሪያቸው።

«ፍሬን?»

«ይይዛል።»

«ሬድዮ?»

«ይሰማል» አለች ልጄ።

«ቀበቶ?»

«ታስሯል።»

«ሹፌር፣ ውሃ?»

ልጄ ቀና አለች። እሱን አላየችም፤ በትከሻው አሳልፋ እኔን አየች።

«ጠጥቻለሁ።»

«አንድ ሊትር?»

«አዎ አልኩህ እኮ። ክደነው በቃ፣ ፀሐዩ እየሄደ ነው!»

እሱም ምልክት አደረገ።

ትናንት ማታ ከበላችው ወዲህ አንድ ጠብታ አልቀመሰችም። አውቃለሁ፤ አብራኝ ነው ያደረችው፣ አብራኝ ነው የተነሣችው። ሕጋቸውንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ በዚያ ሰዓት ደስ አለኝ። ልጄ ጾሟን ከጓደኞቿ ሰወረች፣ ወንጌሉም ስትጾሙ ለሰው አይታይባችሁ ይላል ብዬ አሰብኩ። ውሸቷን ጽድቅ አደረግሁት። ክዳኑ ተደፋ።

መኪናዋ ድምፅ የላትም። የሄደች ሳይመስለኝ ራቀች። መሪያቸውና ካሜራ የያዘችው ልጅ በባጃጅ ተከተሏት። እኔና የአርጎባው ልጅ ግራሩ ሥር ቀረን። እሱ በሬድዮ ቁጥር ይጠይቃታል፣ ትነግረዋለች፣ ይጽፋል። ስትሄድ ስትመለስ፣ ስትሄድ ስትመለስ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ።

እኩለ ቀን ላይ አቆሟት። ክዳኑን ሲያነሡት ከውስጥ የወጣው ወላፈን ፊቴን መታኝ። የሠሯት ደጋ ላይ ነው፤ ለአየር የተዉላት ቀዳዳ ሁለት ጣት አያስገባም። እዚያ ብርድ ስለሆነ፣ ውስጧ ሲገቡ ሙቀቱ ደስ ይል ነበር አሉኝ ኋላ። ልጄ ፊቷ ቀልቷል። አልወረደችም፣ ወንበሩ ላይ እንደተኛች ቀረች።

የአርጎባው ልጅ ከጀሪካኔ እየቀዳ በሶላሩ ላይ ያፈስ ጀመር።

«ምነው?» አልኩት።

«ሲግል ይደክማል እትዬ። ፀሐይ ይወዳል፣ ሙቀት ግን አይወድም።»

ውሃው በሶላሩ ላይ ወርዶ በልጄ ጆሮ አጠገብ ወደ አስፋልቱ ይንጠባጠባል። አስፋልቱ ወዲያው ይጠጣዋል። እሷ ጠብታዎቹን እያየች ነበር።

«ላስቲኩን ላቀብልሽ?» አላት፤ የሚጠጣውን ውሃ ማለቱ ነው።

«በቃኝ፣ ጠጥቻለሁ» አለችው። እሱ ሄድ ሲል ዝቅ ብላ፣ «እማ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«ሦስት ሰዓት ቀረኝ።»

«በርቺ» አልኳት።

ይኼ ነው ያልኳት። አንድ ቃል ነው። ጀሪካኑ እግሬ ሥር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው የአርጎባው ልጅ እንደተለመደው በሬድዮው ጠየቃት። «ቮልት ስንት ነው?»

መልስ የለም። ደግሞ ጠየቃት።

«ዘጠኝ ሰዓት ሞላ?» አለች። ድምፁ የልጄ ነው፤ አነጋገሩ ግን ከእንቅልፍ ያልነቃ ሕፃን አነጋገር ነበር።

«ኧረ ገና ሰባት ተኩል ነው! ፈቃዳችን እስከ ስምንት ነው፣ አትቸኩዪ» አላት እየሳቀ።

«ዘጠኝ ሞላ ወይ?»

እሱ አልገባውም። ለእኔ ገባኝ። ብድግ ብዬ፣ «አስቁማት» አልኩት። «ምነው እትዬ?» ሲለኝ መኪናዋ ከሩቅ ታየች። መንገዱን ቀስ ብላ ለቀቀች። አልተጋጨችም፣ አልተገለበጠችም። ከአስፋልቱ ወርዳ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ ውስጥ ገብታ ቆመች። ሶላሯ እንደ ቀድሞው ያብለጨልጫል።

ክዳኑን ሲገነጥሉት ልጄ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ግንባሯን ነካሁት። አንዲት የላብ ጠብታ የለባትም፤ ቆዳዋ ደርቆ እንደ ጋለ ብረት ያቃጥላል። የአርጎባው ልጅ ጀሪካኑን እያዘነበለ አፈሰሰባት። ከግማሽ በታች ነበር የቀረው፤ ሌላው ለሶላሩ ሄዷል። በባጃጁ ጭነናት በረርን። እሱ እግሯን ታቅፎ መንገዱን ሙሉ የራሱን ጸሎት ያደርሳል፣ እኔ የራሴን።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። በረዶ ፈልጉ፣ ልብሷን አውልቁ፣ ግሉኮስ ስቀሉ እያለ ሳለ፣ «ዛሬ ምን ያህል ውሃ ጠጥታለች?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ሊትር፣ ጠዋት» አለ የአርጎባው ልጅ። ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር።

ሐኪሙ ጻፈ። ወደ እኔ ዞረ። «እናቷ ነዎት?»

«ነኝ።»

«የሚጨምሩልኝ ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እስካሁን ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም። አፈርኩ። ከልጄ ነፍስ ይልቅ እፍረቴ ቀደመኝ። ያ መልስ ሕክምናዋን ጎድቶት እንደሆነ ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም ጠይቄያለሁ። «ቆዳዋን አይተው ያወቁ ይመስለኛል» አለኝ። ይመስለኛል ነው ያለኝ።

ወደ ደጋው ትልቅ ሆስፒታል ትሂድ ተባለ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ወደ ላይ መኪና አይወጣም። እስከ ማግስቱ ጠበቅን። በማግስቱ አምቡላንሱ ጣርማበርን ሲወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ። ደጋ የደረስን ቀን ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል አሉኝ። ሁለተኛ ቀን ጉበቷ ተነክቷል አሉኝ። ሦስተኛ ቀን ምንም አላሉኝም። መሬት ላይ ነጠላዬን አንጥፌ ተቀመጥኩ። የልመና ቃል አልመጣልኝም። ምን ብዬ እለምናለሁ? በስሙ ያደረግሁት ነው።

በስምንተኛው ቀን ነቃች። ሆሳዕና እየቀረበ ነበር። ኩላሊቷ ተመለሰ፤ ጉበቷም ዳነ። ተመስገን። አሁንም እጽፈዋለሁ፣ ተመስገን። ከዚያ ክፍል ልጆቻቸውን ሸፍነው የወጡ እናቶች አይቻለሁ፤ እኔ የእኔን ይዤ ወጣሁ።

ይዤያት የወጣሁት ግን የገባችውን አይደለም። ሙቀቱ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀውን የአንጎሏን ክፍል ጎድቶታል። ስትራመድ እግሯ የት እንደሚያርፍ አታውቅም። ንግግሯ ተጎትቶ ነው የሚወጣው፤ እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ እንደምታወጣው ሁሉ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ከጓደኞቿ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነውን ሽቦ የምትበይደው እሷ ነበረች። አሁን የሸሚዟን ቁልፍ እኔ እቆልፍላታለሁ። ይሻላታል አሉኝ፤ ምን ያህል እንደሆነ አይነግሩኝም።

ውድድሩ ከትንሣኤ በኋላ ተካሄደ። መሪያቸው ቪዲዮ ላከልን። ሌላ ልጅ እየነዳት መኪናችን ሜዳው ላይ ስታልፍ ታየች። አላሸነፉም፤ ግን ሳይቆሙ ጨረሱ። ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ አፍንጫዋ ሥር ይዛ ደጋግማ አየችው።

«የአየር ቀዳዳውን… አስፍተውታል» አለች። «በሁለት በኩል።»

የአርጎባው ልጅ ቪዲዮው ላይ የለም። ለምን እንደሌለ መሪያቸውን በስልክ ጠየቅሁት። ድምፁ እንደ ድሮው አልጎላም።

«አልነገረዎትም እንዴ ማዘር? ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታግዷል። ኮሚቴ ተቀመጠበት። ስትጠጣ አይተሃል ወይ አሉት፣ አላየሁም አለ። ያላየኸውን ለምን ምልክት አደረግህ አሉት። በዚያው ፈረዱበት።»

አልነገረኝም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ግን ከመንደሩ ወርዶ ይመጣ ነበር። ፓፓያ ወይም ማንጎ በፌስታል ይዞ ይገባል፤ ልጄን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ብሎንና ዳዶ ያቀብላታል፣ ታገጣጥማለች። ለጣቷ ልምምድ ብሎ ራሱ የፈለሰፈው ነው። ብሎኑ ከእጇ ሲወድቅ፣ «ይኼው፣ መኪናዋ ጎማዋን ጣለች! ባጃጆቹ ሊስቁብን ነው» ይላታል። ትስቃለች። ሲወጣ በር ላይ ሁልጊዜ ለእኔ የሚላት አንድ ነገር አለች።

«አፉ በሉኝ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» እለዋለሁ። ለትሕትና ያልኩት ይመስለዋል።

መታገዱን በሰማሁ ማግስት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ያን ሰሞን መጥተሽ ጠይቀሽኝ ነበር?» አሉኝ።

«አልጠየቅሁም አባቴ።»

«ብትጠይቂኝ ምን እልሽ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ» አሉኝ። «በፀሐይ የምትደክም ልጅ ትጠጣ እል ነበር። ለዚህ ነው ያልጠየቅሽኝ።» ቀጥለው፣ «አሁን ስግደት እንዳዝዝሽ ነው የመጣሽው። አላዝዝሽም። ስግደቱ ይቀልልሻል። ሂጂና ለልጁ ንገሪው» አሉኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ብሎኖቹን ከማውጣቱ በፊት ሁለቱ ፊት ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም ነበር፣ እንዲሁ ተናገርኩ። እንዳልጠጣች አውቅ ነበር አልኩ። ስትዋሽህ አይቻታለሁ አልኩ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝም ደበቅሁት አልኩ።

ልጁ አላቋረጠኝም። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። ስጨርስ መሬት ላይ አኖረው።

«እትዬ» አለ፤ «እኔ ሌሊት እየተነሣሁ ያንን ጠዋት አስባለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ላስቲኩን አሳዪኝ ብላት ኖሮ እያልኩ። እናቴ የማትሰማኝ መስሏት ታለቅሳለች።» ቆመ። «አንቱ ደግሞ በየሳምንቱ ሻይ ታቀርቡልኛላችሁ።»

ወጣ። በር ላይ «አፉ በሉኝ» አላለኝም።

ልጄ ያን ቀን አታስታውስም። ከዚያ ሳምንት ውስጥ በካፌ ጾም ከተሳቀበት ማዕድ በኋላ ያለው ሁሉ ጠፍቶባታል። «አላስታውስም… እማ» አለችኝ። «ግን ጠጥቻለሁ ካልኩ… አንቺ ስለቆምሽ ነው።»

«አዎ» አልኳት።

«እሱን… አትጥሪው። ራሱ ይምጣ።»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ቁልፏን እንድቆልፍላት ግን ደረቷን ትሰጠኝ ነበር።

ሰኞ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ወጣሁ። ቢሮ ከቢሮ መሩኝ። መጨረሻ ላይ ከኮሚቴው አንዱ የነበሩ ሰው ተቀበሉኝ። ነጠላዬን አይተው እርዳታ ልጠይቅ የመጣሁ መሰላቸው።

«ማዘር፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«ይከፈት» አልኩ። «ልጁ አልዋሸም። የተዋሸው እሱ ነው። እኔ አይቻለሁ።»

«ያላየውን ምልክት ማድረጉ ግን ጥፋት ነው።»

«ጥፋት ነው። ግን ትልቁ ጥፋት የእሱ አይደለም። ጻፉልኝና ልፈርም።»

ጻፉልኝ፤ ፈረምኩ። ከዚህ በፊት ስለ ራሴ ያን ያህል ቃል በአንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። እናየዋለን አሉኝ። ስወጣ አንድ መጋዘን በር ተከፍቶ መኪናዋን አየኋት። አቧራ ለብሳለች። ወንበሩ የእኔ ስፌት ነው፤ አውጥተው ሌላ አላደረጉበትም። አልገባሁም፣ ከደጅ አይቻት ሄድኩ።

ከዚያ ቅዳሜዎቹ ባዶ ሆኑ። ልጄ በረንዳው ላይ ብሎኖቹን በሳህን ይዛ ትቀመጣለች፤ ሲወድቁባት ቀና ብላ ወደ መንገዱ ታያለች። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሣላታለሁ። ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሲመጣ መንገዱ ለብዙ ቀን ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። ስለ እሱ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

የደወለው በመስከረም መጀመሪያ፣ ስልክ በተመለሰ ሳምንት ነው። ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ስለሆነ በጨርቅ ተከብቤ ነበር። ቁጥሩን ሳይ መቀሱን አስቀምጬ አነሣሁት።

«ሃሎ።»

«እሷን ስጡኝ» አለ።

እኛ አገር ወጣት ለእናት ሲደውል ደኅና ዋሉ፣ ጤናዎት እንዴት ነው፣ ጉልበትዎን ሻለዎት ወይ ሳይል ወደ ጉዳዩ አይገባም። እሱ በተለይ ከሁሉም በላይ ያንን የሚያውቅ ልጅ ነበር። ምንም አላለኝም። ልክ ነው።

ስልኩን ወስጄ በልጄ ጆሮ ላይ ያዝኩላት፤ እሷ በራሷ ስትይዘው ይንሸራተትባታል።

«ዩኒቨርሲቲ… ተመለስክ? ዓመቱ ሳይሞላ?» አለች። «እውነትህን ነው?… መቼ?… ወንበሩንስ ማን ያዘ?»

ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይሰማኝም። ቮልት የሚል ቃል ሰማሁ። ልጄ ቀስ እያለች፣ በአንድ ቃልና በሌላው መካከል እየቆመች፣ ስለ ባትሪው አንድ ነገር ታስረዳው ጀመር። አንዳንዱን ሦስት ጊዜ ትደግምለታለች። እሱ ይጠብቃታል። ከዚያ አንድ ነገር አላትና ሳቀች፤ ሳቋም እንደ ንግግሯ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ግን መጣ።

ክንዴ ዛለ። አልቀየርኩትም። እስኪጨርሱ ስልኩን ይዤ ቆምኩ።